ሰው የሌለባት ከተማ
ወደ ዳሎል ስላደረግነው ጉዞ

(በትምህርት ቤታችን የአምሳኛ ዓመት በዓል ምክንያት ሶደሬ ላይ ለተሰበሰቡት ተማሪዎች፥ መምህራንና ወላጆች በቀድሞ ተማሪዎች የተነገረ)



የበዓሉ አዘጋጆች ከቀድሞዎቹ ተማሪዎች መካከል አንድ ቁም ነገር የሚነግረን ይምጣ ብለው በጠየቁን ጊዜ፥ ስለ ሥራችን እንድንናገር ያሰቡ ይመስለናል። ዳሩ ግን ከአራታችን አንዱ መምህር፥ አንዷ ነርስ፥ ሁለቱ ደግሞ መካኒኮች ስለ ሆንን፥ ስለ ሥራችን ብንናገር አዲስ ነገር የሚሰማ አይኖርም። ስለዚህ በጥር ወር 2010 ዓ. ም. አራታችን ተባብረን ሄደን ስላየናት፥ ሰው ስለማይኖርባት አንዲት የማዕድን ከተማ ልንነግራችሁ መርጠናል። ስሟ ዳሎል ይባላል። ምሳ ከመቅረቡ በፊት እንደምንጨርስም ቃል እንገባለን።

ሶደሬ ላይ ተቀምጦ ስለ ዳሎል ማውራት ምን አመጣው የሚል ይኖር ይሆናል። ዳሎል በአፋር ክልል በሰሜን ጫፍ፥ ከኤርትራ ድንበር አጠገብ ያለች ናትና እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት ብዙዎቻችሁ የታጠባችሁበት ፍል ውሃ፥ ማንም ማገዶ ሳያነድለት ትኩስ ሆኖ የሚወጣው ከእግራችን በታች ያለው ምድር የተሰነጠቀ ስለ ሆነ ነው። ታላቁ ስምጥ ሸለቆ የምንለው ይህ ስንጥቅ ከደቡብ ከሐይቆቹ አገር ተነሥቶ፥ በዝዋይና በቆቃ፥ በአዳማና በሶደሬ፥ በመተሐራና በአዋሽ በኩል አልፎ አፋር ሲደርስ እንደ ጥሩምባ አፍ እየሰፋ ይሄዳል። እዚያም ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ስንጥቆች ጋራ ይገናኛል። ዳሎል ያለችው ከዚህ መገናኛ በስተ ሰሜን ነው። ስለዚህ ሶደሬና ዳሎል በአንድ ምድጃ ላይ የተጣዱ ሁለት ማሰሮዎች ናቸው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም፤ አንዱ ሰውን የሚያጥብ፥ ሌላው ሰውን የሚያባርር።

ምድጃውም ገና አልጠፋም። በመስከረም 1998 ዓ. ም. በአፋር ዳባሁ በተባለው ስፍራ ምድር በጥቂት ቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መሥመር ተሰንጥቆ፥ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ድረስ መራራቁን ሊቃውንቱ ለክተዋል። ለእኛ ደግሞ የቅርቡ ማስታወሻ በ2017 ዓ. ም. በፈንታሌና በመተሐራ በኩል የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ በዚያ ጊዜ ሌሊት ከአልጋው ያልተነሣ የአዳማ ሰው ጥቂት ነው። ይህም ባይሆን የስምጥ ሸለቆ ልጆች መሆናችንን ጥርሳችን ይመሰክራል። ከዚሁ እሳተ ገሞራ ከወለደው ድንጋይ ውስጥ ፍሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ጕድጓድ ውሃችን እየገባ የስንቱን የናዝሬትና የወንጂ ልጅ ጥርስ እንዳበለዘ ታውቃላችሁ። እኛም ለፎቶግራፍ አፋችንን ገጥመን የምንቆመው ኮርተን አይደለም።

ከአዳማ የተነሣነው አንድ ላንድክሩዘር ተከራይተን ነው። መካኒኮቹ ጓደኞቻችን ከመነሣታችን በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ፈትሸውታል፤ እኛም ይህን ያህል ከፈተሻችሁት ለምን አትገዙትም ብለን ቀልደንባቸዋል። መንገዱ እስከ ሰመራ ድረስ የዕቃ መኪናዎች መንገድ ስለ ሆነ ብዙ የሚነገርለት የለውም። ብቻ መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ የመኪናውንም የባቡሩንም መንገድ እንዴት እንዳስቸገረ አይተን አለፍን። አዋሽ ወንዝም ከእኛ ጋራ ይጓዛል። ከዚህ ከሶደሬ አጥር ሥር የሚያልፈው ወንዝ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ባሕር ሳይደርስ አቤ በተባለው ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከሰመራ በአፍዴራና በአብዓላ አድርገን ወደ መቀሌ ወጣን፤ እዚያ አድረን በማግሥቱ እንደ ገና ወደ ታች ተመለስን።

ከመቀሌ ወደ በራሕሌ የሚወስደውን ቍልቍለት ያላየ ሰው ምድር እንዴት እንደምትወርድ ገና አላየም። ማለዳ ካፖርት ለብሰን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሣን፤ ተራራው አንዱ ከሌላው ሥር እየተደራረበ ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ አንድ ልብስ እናወልቃለን። በራሕሌ ላይ መንገድ መሪ ይዘን ሐመድ ኢላ ስንደርስ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ያህል ወርደን ነበር። ሐመድ ኢላ በእንጨትና በሰሌን የተሠሩ ጎጆዎች ያሉባት መንደር ናት። ሌሊቱን ሜዳ ላይ በጠፍር አልጋ ተኝተን አደርን፤ ነፋሱ እንደ እቶን አፍ ነው፤ ወሩ ጥር እንደ ሆነ አትርሱ።

በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ በጨው ሜዳው ላይ ነዳን። ሜዳው እንደ ተወለወለ ወለል የተስተካከለ ነጭ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ቀይ ባሕር እስከዚህ ይገባ ነበር፤ በኋላ መግቢያው ሲዘጋ ውሃው በፀሐይ ተንኖ ጨው ብቻ ቀረ። ይህም አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ የሆነ ስለ ሆነ፥ የጨው ድርብርቡ ውፍረት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚህ ነጭ ሜዳ መካከል አንድ ቡናማ ኮረብታ ብቻውን ብቅ ብሎ ይታያል። ዳሎል ማለት ያ ነው።

ስለ ቀለማቱ ብዙ አንናገርም፤ ፎቶግራፉን ሁላችሁም አይታችኋል። ቢጫው ድኝ ነው፤ ብርቱካንማውና ቀዩ የብረት ዝገት ነው። አረንጓዴው ውሃ ከሎሚ ጭማቂ እጅግ የበረታ አሲድ ስለ ሆነ ጫማ ይበላል እንጂ አያጥብም። እ. ኤ. አ. በ2019 የታተመ አንድ የሊቃውንት ጥናት፥ ከእነዚህ ኩሬዎች እጅግ ጨዋማና አሲዳማ በሆኑት ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር እንዳልተገኘ ያስረዳል፤ ሌሎች ደግሞ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ ብለው ይከራከራሉ። ነጮቹ ጎብኚዎች ለዚህ ለዚህ ሲሉ ዓለምን አቋርጠው ይመጣሉ። እኛን ግን ያስቆመን ከኩሬዎቹ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ፍርስራሽ ነበር።

ግድግዳዎቹ የተሠሩት ከጨው ድንጋይ ነው። በዚያ አገር እንጨት የለም፤ የሚጠረብ ሌላ ድንጋይም ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ከመሬት የተቆረጠውን ጨው እንደ ጡብ ደርድረው ቤት ሠርተውበታል። ዝናብ በሚዘንብበት አገር ቢሆን ኖሮ በአንድ ክረምት ቀልጦ ወጥ ማጣፈጫ በሆነ ነበር። ጣሪያው የለም፤ በርና መስኮቱም የለም፤ ግድግዳው ግን ቆሟል። ጨውና ብረት ደግሞ ጠላቶች ስለ ሆኑ ብረት የነበረው ሁሉ ተበልቷል። የዛጉ በርሜሎች፥ የተጣመሙ ቧንቧዎች፥ ጎማው የጠፋ የመኪና አጽም ወድቀዋል። ሁለቱ መካኒኮች የመኪናውን ዓይነት ለማወቅ ተንበርክከው ሲፈትሹ ቆዩ፤ አንደኛው አንድ ቡሎን ይዞ ጠበቅ ቢያደርገው እንደ ደረቅ ቂጣ በጣቶቹ መካከል ተሰበረ። እርሱ ብረት ሲሰበር ያየው በመዶሻ እንጂ በጣት አልነበረምና እጁን ደጋግሞ ተመለከተ።

አሁን ሰዎቹ ማን እንደ ነበሩና ለምን እንደ መጡ ልንገራችሁ።

የፈለጉት የምንበላውን ጨው አልነበረም። ከጨው ጋራ ተደባልቆ የሚገኝ ፖታሽ የሚባል ማዕድን አለ። አዝርዕት ከሚመገቧቸው ሦስት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ በውስጡ ያለው ፖታሲየም ነው፤ ሁለቱ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ናቸው። ከማዳበሪያም ሌላ ለመስተዋት፥ ለክብሪትና ለፈንጂ ሥራ ይፈለጋል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ዓለም ፖታሹን የሚያገኘው ከጀርመን አገር ነበር። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ የጀርመን ጠላቶች ሁሉ ምንጩ ተዘጋባቸው። እንግዲህ አውሮፓ ውስጥ የተተኮሰ መድፍ ዳሎልን ከተማ አደረጋት ማለት ነው። ኤርትራን ይዘው የነበሩት ጣሊያኖች አስቀድመው ስፍራውን ያውቁት ስለ ነበር፥ ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነሥቶ ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሚያበቃ ቀጭን የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፤ ሥራውም እ. ኤ. አ. በ1918 ተፈጸመ። 50,000 ቶን ያህል ፖታሽ እንደ ወጣ ይነገራል።

ነገር ግን ሐዲዱ ባለቀ በዚያው ዓመት ጦርነቱም አለቀ። ጀርመን እንደ ገና መሸጥ ጀመረች፤ በኋላ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረትም ከየአገራቸው አገኙ፤ የፖታሽ ዋጋ ወረደ። በዳሎል ፀሐይ ተቆፍሮ፥ በግመልና በባቡር ተጭኖ፥ ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ዕቃ ከዚህ ዋጋ ጋራ ሊወዳደር አልቻለም። እ. ኤ. አ. ከ1925 እስከ 1929 እንደ ገና ተሞክሮ 25,000 ቶን ያህል ወጣ፤ ከዚያም ቆመ። በመካከሉ፥ በ1926፥ ኮረብታው ራሱ ከሥሩ በተጠራቀመ እንፋሎት ፈንድቶ አዲስ ጕድጓድ ከፈተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ አስተዳደር ሐዲዱን ነቅሎ ወሰደው፤ ዛሬ ባቡር የነበረ መሆኑን የሚያመለክት ነገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ከ1951 እስከ 1953 አንድ የአሥመራ ኩባንያ ጥቂት ቶን ጨው ወደ ሕንድ ሸጠ። በመጨረሻም በ1960ዎቹ ፓርሰንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መጥቶ ምድሩን በብዙ ቦታ እየበሳ መረመረ፤ እርሱም ሄደ።

አሜሪካኖቹ ግን አንድ ነገር ትተውልን ሄደዋል፤ እርሱም የሙቀት መዝገብ ነው። ከ1960 እስከ 1966 በተያዘው መዝገብ መሠረት የዳሎል አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ የቀትር ሙቀት አይደለም፤ ቀኑም ሌሊቱም፥ በጋውም ክረምቱም አንድ ላይ ተደምሮ የተካፈለ ነው። ሰው ተቀምጦበት ከተመዘገበ ስፍራ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ የለም ይባላል። ነርሷ እኅታችን ስታስረዳን፥ ሰውነታችን በሽበት ካልሆነ በቀር ሙቀቱን የሚያስወጣበት ሌላ በር የለውም ብላ ጀመረችና ሁላችንም ሳቅን፤ ላበት ለማለት ፈልጋ ሽበት አለች። ከሙቀቱ የተነሣ ምላስም ይሳሳታል። ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው፤ በዚያ ሙቀት የሚቆፍር ሠራተኛ በቀን ብዙ ሊትር ውሃ መጠጣት አለበት፤ ዳሎል ላይ ደግሞ የሚጠጣ ውሃ አንድ ጠብታ የለም። እኛ ለሦስት ሰዓት ጉብኝት ሁለት ጀሪካን ይዘን ሄደን ባዶውን ይዘን ተመለስን።

ወደ መኪናው ስንመለስ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ከመካኒኮቹ የአንዱ አባት ዕድሜያቸውን በባቡር ጣቢያ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ የነርሷ አባት ደግሞ ወንጂ በስኳር ሥራ ጡረታ የወጡ ናቸው። የጣቢያው ልጅ፥ «ይህችን ሳይ የእኛ ጣቢያ ትዝ አለኝ» አለ። እኛም ነገሩ ገባን። ናዝሬት ከተማ ሆና ያደገችው ባቡሩ ስላለፈባት ነው፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው እ. ኤ. አ. በ1917 ነበርና የዳሎል ሐዲድ እኩያ ነው። ያ አሮጌ ባቡር ዛሬ አይመጣም፤ በመስከረም 2009 ዓ. ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል። በልጅነታችን ፉጨቱን ሰምተን የምንነቃበት ጣቢያ ጸጥ ብሏል። እንግዲህ ወዳጃችን የፈራው የቤቱን ነገር ነበር።

ነርሷ ግን አልተስማማችም። የወንጂን ነገር አነሣች። በጃቫ ሸንኮራ ያለሙ የነበሩት የሆላንድ ሰዎች መጥተው የወንጂን ፋብሪካ ሥራ ያስጀመሩት በ1946 ዓ. ም. ነው። ፋብሪካው በ1967 ዓ. ም. የመንግሥት ሆነ፤ ያ አሮጌ ፋብሪካ ዛሬ ሸንኮራ አይጨምቅም፤ አዲሱ ዶዶታ በኩል ተተክሏል። ደስታ ከረሜላን እየላስን ያደግን ልጆች ጭስ ማውጫው ሳይጨስ ስናይ ልባችን ይነካል። «ወንጂ ግን ሞተች ወይ?» ብላ ጠየቀችን። አልሞተችም። እናቶች እዚያው ወልደዋል፤ ገበያ አለ፤ ትምህርት ቤት አለ፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለ፤ ገበሬውም በራሱ ማሳ ሸንኮራ ተክሎ ለአዲሱ ፋብሪካ ያቀርባል። እኛ በዳሎል ፍርስራሽ መካከል ስንዘዋወር የሕፃን ጫማ አላየንም፤ ምጣድ አላየንም፤ የጸሎት ቤት ፍራሽ አላየንም። እንደ እርሷ አስተሳሰብ ዳሎል የሞተች ከተማ አይደለችም፤ ከተማ ልትሆን ያልተፈቀደላት የሠራተኞች ሠፈር ናት። ደመወዙም፥ ውሃውም፥ ምግቡም ከሌላ ቦታ ይመጣ ነበር፤ የሚያመጣው ሲቀር ሁሉም በአንድ ቀን ቀረ። ማዕድኑ ግን አላለቀም፤ እስከ ዛሬም ከሥሩ አለ።

መምህሩ ወዳጃችን ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ ብሎ ክርክሩን ሊዘጋ ሞከረ፤ መምህር ስለ ሆነ ነው። እኛ ሦስታችን ግን ነርሷ እንደ ረታች ቈጥረነዋል።

ከክርክሩ በኋላ ያየነው ነገር ደግሞ ለእርሷ ይበልጥ የሚመሰክር ነበር። ከኮረብታው ወርደን በሜዳው ላይ ስንመለስ ጨው ቆራጮቹን አገኘናቸው። ባቡር ሳይመጣ የነበሩ፥ ባቡር ሲሄድም ያልሄዱ እነርሱ ናቸው። ሥራቸው እንዲህ ነው፤ አንዱ በመጥረቢያ መሬቱን ይሰነጥቃል፤ ሌሎቹ ረጃጅም እንጨት በስንጥቁ አስገብተው በአንድነት እየጮኹ ገልብጠው ያነሣሉ፤ ሌላው ቍጢጥ ብሎ በትንሽ መጥረቢያ አራት ማዕዘን አድርጎ ይጠርበዋል። የሚጠርበው ሰው ማስመሪያ የለውም፤ ጡቦቹ ግን ሁሉም እኩል ናቸው። አፋሮችም ትግራዮችም በአንድነት ይሠራሉ። የተጠረበው ጨው በግመል ተጭኖ ወደ በራሕሌ ይወጣል፤ ትግራዮች ይህን የጨው ንግድ ጉዞ አርሆ ይሉታል።

ይህ ጨው አሞሌ ነው፤ አያቶቻችን ገበያ ይዘውት የሚወጡት ገንዘብ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ. ኤ. አ. በ1520ዎቹ አገራችን በመጣ ጊዜ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል፤ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ድረስ ብዙ ቦታ ይሠራበት ነበር። ፖታሹ ዋጋው በሩቅ አገር ተወስኖ በሩቅ አገር ወደቀ፤ አሞሌው ግን ዋጋው የሚወሰነው ጨው በሚልሰው ከብትና ወጥ በምትሠራው ሴት ደጃፍ ነው። ምናልባት የዕድሜው ምሥጢር ይህ ይሆናል ብለን አሰብን።

ከሚጠርቡት አንዱን፥ እንደ አባት የሚቆጠሩ ሰው ናቸው፥ በመንገድ መሪያችን አስተርጓሚነት አነጋገርናቸው። «አባባ፥ በዚህ ሙቀት እንዴት ይችሉታል?» ብንላቸው፥ ገና በማለዳ እንደሚጀምሩና ፀሐይ ስትበረታ እንደሚያቆሙ ነገሩን። ቀጥለንም ስለ ኮረብታው ቤቶች ጠየቅናቸው። የማን እንደ ነበሩ ከአባታቸው እንደ ሰሙ፥ እርሳቸው ግን ጥላ ፈልገው እንኳ እንደማይገቡባቸው ነገሩን፤ ለምን ብንል ሳቅ ብለው ወደ ጨዋቸው ተመለሱ። እጃቸውን ለስንብት ሲሰጡን መዳፋቸው እንደ ቁርበት የጠነከረ፥ በጨው የተሰነጣጠቀ ነበር። ነርሷ የሚቀባ ቅባት ሰጠቻቸው፤ አመስግነው ለጎናቸው ወጣት አቀበሉት። ቅባቱ ለማን ይበልጥ እንደሚያስፈልግ እርሳቸው ያውቃሉ።

ይህ ሁሉ ሲባል የእነርሱ ኑሮ ይመር እንደ ሆነ እንጂ ይጣፍጣል ለማለት አይደለም። ድካሙ እጅግ ከባድ ነው፤ መንገዱ አስፋልት ከሆነ ወዲህም መኪና የግመልን ሥራ እየነጠቀ ነው። እኛ ካየናቸው በኋላ ደግሞ በ2013 ዓ. ም. በሰሜኑ አገር የተነሣው ጦርነት የደጋውንና የቆላውን ገበያ አቋርጦ ነበር። እነዚያ ሽማግሌ በዚያ ጊዜ እንዴት እንደ ሆኑ ብዙ ጊዜ አንሥተን ተጨንቀናል።

አሁን ለእናንተ ለተማሪዎቹ አንድ ነገር እናክል። የዳሎል ታሪክ በፍርስራሹ አልተዘጋም። በእኛ ዘመን የካናዳው አላና ፖታሽ ኩባንያ በዚያ አካባቢ ለዓመታት ሲመረምር ቆይቶ እ. ኤ. አ. በ2015 በእስራኤሉ አይ. ሲ. ኤል. ተገዛ፤ ይህም ኩባንያ በማግሥቱ ዓመት ሥራውን እንዳቆመ አስታወቀ። እንግዲህ አንድ ጊዜ ጣሊያን፥ አንድ ጊዜ አሜሪካ፥ አንድ ጊዜ ካናዳ ብለን እንቈጥራለን። ፖታሹ እዚያው ስለ ሆነ፥ የአገራችን ገበሬም ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለ ሆነ፥ አንድ ቀን እንደ ገና ይከፈታል ብለን እናምናለን። በዚያን ጊዜ የሚቀጠሩት መካኒኮች፥ ቀያሾች፥ ኬሚስቶችና ነርሶች ከእናንተ መካከል ይወጡ ይሆናል። እኛ የምንጠይቀው ጥያቄ፥ ውሃው ከየት ይመጣል? ልጆቹ የት ይማራሉ? አሞሌ የሚጠርቡት ሰዎች ከዚህ ሥራ ምን ያገኛሉ? የሚል ነው። ይህን አሁን ለመመለስ አንችልም፤ የኬሚስትሪና የጂኦግራፊ መምህሮቻችሁ ግን በክፍል ውስጥ ቢያከራክሯችሁ ከማንኛውም ፈተና የሚበልጥ ሥራ ይሆናል እንላለን።

የደቂቃችን ቍጥር ማለቁን መድረክ መሪው በእጅ ሰዓታቸው እያመለከቱን ስለ ሆነ እንጨርስ። በጠረጴዛው ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ የምታዩት መቀሌ ገበያ የገዛነው የዳሎል ሜዳ አሞሌ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ የጂኦግራፊ ክፍል እንዲሰጥ አምጥተነዋል። ከምሳ በፊት እየመጣችሁ አንሡት፤ ክብደቱንም ገምቱ። ወጥ ቤቶቹ ጨው አነሰን ብለው ቢጠይቁ ግን እንዳትሰጧቸው።